ሦስት ጣት ዝቅ ያለው ክንፍ

ጠራቢው የግቢውን ቁልቁለት በዝናብ እየተንሸራተተ፣ አንዴ ግንቡን እየተደገፈ፣ አንዴ አየሩን እየጨበጠ ይወርዳል። በብብቱ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ የእንጨት ጭልፊት ይዟል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የለፋበትን ጭልፊት እመቤቲቱ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን አይተው፣ "ይሄ የዙፋን ወፍ ነው። የልጄ አይደለም፤ ውሰደው" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረውበታል።

የከተማው ሰው ሁሉ አባ መሮ ይለዋል። የቤተ መንግሥቱን በሮች የጠረበ እሱ ነው፤ የዳኛውን ወንበርና የስንቱን ባላባት አልጋ የሠራም እሱ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሥራው ተመልሶበት አያውቅም። ኩራቱ ደግሞ ከሥራው አያንስም ነበር፤ "ሚስቱ ወጡ ጨው በዝቶበታል ስትለው፣ የጨው ዕቃውን ክዳን የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ እንከን የለበትም ብሎ መለሰላት" እያሉ ያሙታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ውርደት ሳምንት አልጋ ላይ ያውለው ነበር። አሁን ግን ስለ ክብሩ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም። በዚያ ወፍ ላይ የተንጠለጠለው የአንድ ልጁ አንገት ነው።

የዘመኑ ጸሐፊ ስለዚያ ዘመቻ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። "በዝናቡ መግቢያ ጦሩ ወንዙን ሊሻገር ገባ፤ የእመቤቲቱም ልጅ ከነሰዎቹ በዚያ ቀረ" ይላል። ጸሐፊዎች ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁምና ከዚህ በላይ ሊሉ አይችሉም። የጠራቢው ልጅ የዚያ ወጣት ጌታ ጋሻ ጃግሬ ነበር፤ ጋሻውን ተሸክሞ ከጎኑ የማይለይ፣ ቢሞት አብሮ የሚሞት ማለት ነው። ጦሩ ካለቀ ከወር በኋላ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ያለ ጋሻ መጣ። "ከመሻገራችን በፊት በነበረው ቀን ጌታዬ መልእክት አስይዘው ወደ ኋላ ሰደዱኝ። ስመለስ ሁሉም አልቆ ጠበቀኝ" ብሎ ማለ። እውነት ነው የሚል ምስክር አልተገኘም፤ ሐሰት ነው የሚልም አልተገኘም።

ጌታውን ውሃ ላይ ጥሎ የሸሸ ጋሻ ጃግሬ ፍርዱ ገመድ እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ዳኛው ግን ያለ ምስክር ማንጠልጠሉ ስለከበዳቸው ነገሩን ለሟቹ እናት ተዉት። "ምሬዋለሁ" ካሉ ይፈታል፤ ዝም ካሉ ይሰቀላል። እመቤቲቱ ሁለቱንም ሳይሉ ቆዩና አንድ ቀን ጠራቢውን አስጠሩት።

"ልጄ እጁ ላይ የሚያሳርፈው ጭልፊት ነበረው" አሉት። "አብሮት ሄደ፤ አብሮት ቀረ። እሱን ሥራልኝና ዓይኔ ይየው። ያን ጊዜ ስለ ልጅህ እናገራለሁ።"

አባ መሮ ደግሞ ያላየውን የማይጠርብ ሰው ነው። አንበሳ ጥረብ ቢሉት "አሳዩኝ" ይላል። ይህን ጭልፊት አይቶት አያውቅም፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከውስጠኛው ግቢ የማይወጣ ወፍ ነበር። ቢቸግረው የግቢውን ሰው እየዞረ ጠየቀ። ፈረስ ጠባቂው አውራ ዶሮ ያክላል አለው፤ ልብስ አጣቢዋ ከርግብ አይበልጥም አለችው፤ አጋፋሪው "ወፉስ ትሑት ነበር፤ ኩሩው ባለቤቱ ነው" አለው። የሁሉንም ቃል ቀላቅሎ ሲጠርብ የማንም ያልሆነ ወፍ ወጣ። ይኸው ተመለሰበት። ችሎቱ ደግሞ የቀረው አምስት ቀን ነው።

አጋፋሪው ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ጠራቢው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ተከተለውና ማኅተም ያለበት ብጣሽ ወረቀት እጁ ውስጥ ወሸቀለት። "ጭልፊቱን ከልጅህ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘብ ቤት ሂድና ጠይቀው" አለው። ቁልቁለቱን እንደዚያ የሚያስሮጠው ይሄ ወረቀት ነው።

ዘበኛው ወረቀቱን ገልብጦ ያዘውና ማኅተሙን ትኩር ብሎ አየ። ማንበብ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

"ለወፉ ጉዳይ ብቻ ነው፣ አይደል?" አለ ዘበኛው።

"ለወፉ ጉዳይ ብቻ።"

"ስለ ዘመቻው፣ ስለ ክሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ።" ከዚያ የሽማግሌውን የራሰ ጢም አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ በቅሎዋን ላያት ነው የምሄደው። እግሯን አሟታል፤ ቶሎ አልመለስም። ገባህ አባ?"

ገብቶታል። ማንም ይገባዋል። ዘበኛው ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጋጣው ሄደ፤ አባትና ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሆኑ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ ከሥሩ የተቀመጠው ቆርቆሮ ሞልቶ መሬቱን አርሶታል። ልጁ ሊነሳ ሲል የእግር ብረቱ ያዘውና መልሶ ተቀመጠ። ከስቶ ጉንጩ ገብቷል።

"እማዬ እንዴት ናት?" አለ።

"ደህና ናት። እስቲ ይሄን እየው" አለና አባትየው ጆንያውን ፈታ።

ልጁ ወፉን አየው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ደረቱን የነፋ፣ ሁለት ክንፉን እኩል የከደነ ወፍ ነው። ፈገግ አለ። "አባዬ፣ ይሄ እኮ ዳኛው ናቸው።"

"እኮ! ምኑ ነው ያልሆነው? ንገረኝ።"

"ምኑም አልሆነ። እጅህን አምጣ።" የአባቱን ቡጢ ይዞ ወፍ የሚያሳርፍበት አደረገው። "እንዲህ እኩል አይቆምም። ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ይጥላል። አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የምትናገረውን የሚሰማህ ይመስል። ምንቃሩ ትንሽ ነው፤ አንተ አተለቅኸው። አናቱ ላይ ደግሞ የማይተኛ ላባ አለው፤ ጌታዬ በጣታቸው ይደፈጥጡታል፣ እሱ መልሶ ይነሳል።"

አባ መሮ ከኪሱ ከሰል አወጣና ግድግዳው ላይ መሳል ጀመረ። ልጁ "አሳንሰው"፣ "ዝቅ አድርገው"፣ "አሁን መጣ" እያለ ያርመዋል። ቀለም ፊቱ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ድንገት ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፦

"ቀኝ ክንፉን አያጥፈውም።"

"አያጥፈውም ስትል?"

"ያንጠለጥለዋል። ከግራው በታች ይወርዳል። እዚህ ጋ ላባዎቹ ይከፈታሉ። ሁለቱ ተሰብረዋል።"

የጠራቢው ልብ በደስታ ዘለለ። አርባ ዓመት እንጨት የጠረበ ሰው ያውቀዋል፤ አንድን ቅርጽ በሕይወት ያለ የሚያስመስለው እንዲህ ያለ ጉድለት ነው። እመቤቲቱ የልጄ አይደለም ያሉት ለዚህ ነው! ሁለቱ ክንፎች እኩል ነበሩ!

"ምን ያህል ይወርዳል? አንድ ጣት?"

"ሦስት።"

"ሦስት! የተሰበሩት ላባዎች ከጫፍ ናቸው ከመሃል?"

"ከመሃል።" ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ወደ በሩ አየ፤ ዘበኛው የለም። "አባዬ፣ እኔ አንድ ነገር ልነግርህ..."

"ቆይ ቆይ፣ ጅራቱን ጨርስልኝ። ክንፉ ሲወርድ ጅራቱ ይዞራል ወይስ ቀጥ እንዳለ ነው?"

ልጁ አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው። የሽማግሌው ጣት በከሰል ጠቁሯል፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሏል።

"ትንሽ ይዞራል" አለ ልጁ። "ወደ ክንፉ ወገን።"

ጅራቱን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ጥፍሩ ሄዱ። ዘበኛው ከሩቅ እያሳለ፣ እግሩን ጭቃው ላይ እየደበደበ፣ ሰው ሊያሰማ የሚችለውን ድምፅ ሁሉ እያሰማ እስኪመለስ ድረስ ከወፉ አልወጡም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"አገኘኸው? ምን አለህ?"

"ቀኝ ክንፉ ሦስት ጣት ይወርዳል!"

"እኔ ስለ ልጄ ነው የጠየቅኩህ።"

"ደህና ነው። ትንሽ ከስቷል።"

"የሆነውን ሁሉ ጠይቀው ብዬህ አልነበር? ሌሊት ሌሊት እንደሚያቃዠው ዘበኞቹ እንኳ ያወራሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማህም አንተ ሰውዬ?"

"ወፉ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ምን ያደርጋል?" አለና ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር እንጨት መጎተት ጀመረ።

የሚጎትተው አሥራ ሁለት ዓመት ያደረቀው የወይራ ግንድ ነው። እስከዛሬ ያልነካው አንድ ጉድለት ስለነበረበት ነው፤ በቀኝ ጎኑ ጉጥ አለ፤ ከጉጡ በታች የእንጨቱ መስመር ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። በዚህ ላይ ቀጥ ያለ ነገር ቢጠርቡበት ይሰነጠቃል። የሚወርድ ክንፍ ለመጥረብ ግን የታዘዘ ይመስል ነበር። ጉጡን ትከሻ አደረገው፤ ክንፉን በመስመሩ ለቀቀው።

የመጀመሪያውን ቀን በመጥረቢያ ብቻ ዋለ፤ የማይፈለገውን እንጨት ሁሉ አስወግዶ ጎባጣ ነገር አስቀረ። በሁለተኛው ቀን ሰፊውን መሮ ይዞ ደረቱንና ጀርባውን አወጣ። አንገቱ ላይ ሲደርስ እጁን ሰብሰብ አደረገ፤ አንገት ከመስመሩ ውጭ ከተጠረበ አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ተሰብሮ ይወድቃል። በሦስተኛው ቀን ከምስማር የሠራትን ትንሿን መሮ አንስቶ ላባዎቹን አንድ በአንድ ለየ። ሁለቱን የተሰበሩ ላባዎች ሲሠራ በአፉ ያፏጭ ነበር። ልጁ ከታሰረ ወዲህ ሲያፏጭ ሚስቱ የሰማችው ያን ቀን ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

እሷ ምሳውን ይዛ ገባችና ወፉን በበሩ ብርሃን አየችው። ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

"ይሄ ወፍ ታሟል" አለች።

"እንዲህ ነው ያለኝ።"

"ታሟል እኮ ነው የምልህ። ወይ ሰው መትቶታል።"

"አመሉ ነው። ወፍም አመል አለው።"

ሚስቱ ሳህኑን አጠገቡ አስቀምጣ ወጣች። በአራተኛው ቀን በተልባ ዘይት አሸው፤ እንጨቱ ዘይቱን ጠጥቶ ላባው ሁሉ ወርቅማና ጥቁር ሆኖ ወጣ። አባ መሮ እጁ ላይ አሳርፎት ቤቱን አንዴ ዞረ። በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ እሱም ያውቀዋል።

በችሎቱ ቀን ዝናቡ አላባራም ነበር። የእመቤቲቱ አዳራሽ በቀን ጨልሞ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ የብረት ማንደጃ ፍም ሞልቶ ተቀምጧል። ዳኛው አባ መሮ በጠረበው ወንበር ላይ ተሰይመዋል፤ አጋፋሪው በእመቤቲቱ ቀኝ ቆሟል። ልጁን ሁለት ወታደሮች አምጥተው ከበሩ አጠገብ አቆሙት። ጠራቢው ሲያልፍ ጠቀስ አደረገው፤ አይዞህ፣ ይሄ ነገር አለቀ ማለቱ ነው።

ጨርቁን ገለጠው።

እመቤቲቱ መጀመሪያ አልነኩትም። ጥቁር ልብሳቸው ውስጥ እጃቸውን እንደደበቁ ቆዩ። ከዚያ ልጃቸው ያደርግ እንደነበረው የግራ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጠራቢው ወፉን አሳረፈላቸው። በጣታቸው ያቺን የማትተኛ ላባ ደፈጠጧት።

"እሱ ነው" አሉ። "ወይኔ፣ እሱ ራሱ ነው።"

አጋፋሪው ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። የእመቤቲቱ ጣት ከአናቱ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ቀኝ ክንፉ ወረደ። ወረደ፤ ወረደ፤ የተሰበሩት ላባዎች ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደው በጣም ታጥፎ የተበጣጠሰ ወረቀት አወጡ። "ይሄን ደብዳቤ ከእኔ በቀር ያየው የለም" አሉ ለዳኛው። "በአራት ሰው እጅ ተቀባብሎ ደረሰኝ። መጀመሪያ ከልጄ እጅ የተቀበለው ሰው የት እንደቀረ አይታወቅም።" ወደ ፍሙ ተጠግተው አነበቡት።

"እናቴ ሆይ፣ ዛሬ ንጋት ላይ ከማዶ የተወረወረ ፍላጻ የጭልፊቴን ቀኝ ክንፍ መታው። ከሸሚዜ ቀድጄ አሰርኩለት፤ ይድናል። አሁን ልንሻገር ነው። አታስቢ።"

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። "ከቤቴ ሲወጣ ሁለት ክንፉ ደህና ነበር። ክንፉን ያንጠለጠለ ጭልፊት የታየው በዚያች ጠዋት ብቻ ነው። የዚህ ሰው ልጅ ደግሞ በዋዜማው ተመልሻለሁ፣ በዚያች ጠዋት አልነበርኩም ብሎ ምሏል።" ወደ ጠራቢው ዞሩ። "አባ መሮ፣ ክንፉን ማን ነገረህ?"

አባ መሮ የሰማው ነገር ጆሮው ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ያ ጠባብ ክፍል ታየው። የተጨፈነው የልጁ ዓይን ታየው። ልጁን ዞሮ ሊያየው ፈለገና ራሱን ገታ፤ ቢያየው ሁሉም ነገር በፊቱ ላይ እንደሚነበብ አወቀ።

"ማንም አልነገረኝም እመቤቴ" አለ። "ራሱን፣ እግሩን ልጄ ነግሮኛል። ክንፉ ግን የእጄ ስህተት ነው።"

አጋፋሪው ዞር ብሎ አየው። ዳኛውም አዩት። ይሄን ቃል ከዚህ ሰው አፍ የሰማ በከተማው ውስጥ የለም።

"እንጨቱ ጉጥ ነበረበት" አለ አባ መሮ። "መሮዬ ሳተኝ፤ ክንፉ ተሰነጠቀብኝ። ሌላ እንጨት ለማምጣት ጊዜ አልነበረኝም። ጥፋቴን ልሸፍን ብዬ ወደ ታች ጠረብኩት።"

"ስህተት ነው?"

"ስህተት ነው እመቤቴ።"

"የተሰበሩት ላባዎችስ?"

"መሮው ሲስት የሰበራቸው ናቸው።"

እመቤቲቱ ወፉን ከእጃቸው አንስተው ወደ እሱ ዘረጉት። "እንግዲያው ይሄ የልጄ ወፍ አይደለም። ሰክሮም ይሁን ደክሞት አንድ ሰው ያበላሸው እንጨት ነው። ማንደጃው ውስጥ ጨምረው። እሱ ከነደደ በኋላ ምሕረቱን እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው።"

ጠራቢው ወፉን ተቀበለ። ከዚህ የበለጠ ሥራ በሕይወቱ እንደማይሠራ እያወቀ፣ የሠራውን በርና አልጋ ሁሉ ልጨምርበት ቢሉት ደስ እያለው እንደሚጨምር እያሰበ፣ ጎንበስ ብሎ ፍሙ ላይ አስቀመጠው። ደረቅ ወይራ ነው፤ ዘይት ጠጥቷል። መጀመሪያ ጨሰ፤ ከዚያ ጅራቱ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለ። አባ መሮ በልቡ "ንደድ፣ ቶሎ ንደድ" ይለው ነበር።

የእግር ብረት ተንቋቋ።

ልጁ ነው። ወታደሮቹ ሳያስቡት ተወርውሮ፣ ብረቱ ጠልፎ ጥሎት፣ በጉልበቱና በክርኑ እየዳኸ ማንደጃው ጋ ደርሶ ነበር። ሁለት እጁን እስከ አንጓው ፍሙ ውስጥ ሰደደ።

"ተው!" አለ አባቱ። "ተው አንተ ልጅ፣ እንጨት ነው! እንጨት ነው!"

ልጁ ወፉን አውጥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። ሸሚዙ ጨሰ። አጋፋሪው የውሃ ማሰሮ አንስቶ ላዩ ላይ ደፋበት።

"ያዝልኝ አሉኝ" አለ ልጁ፤ ለማን እንደሚናገር አያውቅም። "የመሻገሪያው ገመድ ተበጥሶ ነበር። ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ፣ በአንድ እጃቸው ግንድ ይዘው፣ በሌላው ወፉን ከውሃው በላይ አንስተውት ነበር። 'ወፉን ያዝልኝ፣ እጄን ልጠቀምበት' አሉኝ። ሁለት ክንድ ብቻ ነበር የምርቃቸው። ብቀበላቸው ሁለት እጅ ይኖራቸው ነበር። ግንዱን በሁለት እጅ ይይዙት ነበር። እኔ ግን ዞርኩ። ወደ ዳሩ ዞርኩ።"

"ሌላስ?" አሉ እመቤቲቱ። ከወንበራቸው ተነስተው ልጁ ወደወደቀበት መጥተው ነበር። "ሌላ ምን አለ?"

"ስሜን ጠሩ እመቤቴ። ሁለት ጊዜ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በኋላ ውሃው ነው።"

እመቤቲቱ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሊደግፏቸው የሮጡትን በእጃቸው መለሷቸው። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ብቻ ነበረባቸው።

"ፈራህ። መፍራትስ የሰው ነው። እኔ እዚያ ውሃ ውስጥ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ሁለት ወር ሙሉ በዚያ መስኮት ተቀምጬ፣ ልጄ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ የሚነግረኝ ሰው ስፈልግ፣ አንተ ከግቢዬ በር ሥር፣ ቃሉን በሆድህ ይዘህ ተኝተህ ነበር። ይሄን ነው የማልምርህ።"

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እመቤቴ፣ ፍርዱ የታወቀ..."

"ገመድ አልፈልግም። ወደ ወንዙ ይመለስ። የልጄን አጥንት ፈልጎ ያምጣልኝ። ሳያገኝ እንዳይመለስ።"

ዳኛው ጻፉት። ወንዙ ገና አልጎደለም፤ ከማዶ ያሉት ቀስተኞችም ከቦታቸው አልተነሱም። እዚያ የሄደ ሰው እንደማይመለስ የሚያውቀው ዳኛው ብቻ አልነበሩም፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቅ ነበር።

እመቤቲቱ የተለበለበውን ወፍ ከልጁ እጅ ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጅራቱ ከስሏል፤ ክንፉ ግን አልተነካም። ለጠራቢው ቀና ብለው "ይሄን አልመልስልህም" አሉት። "እጅህ አልተሳሳተም።"

አራት ወታደሮች ልጁን ይዘው ከከሰዓት በኋላ ወጡ። እጆቹን በጨርቅ ጠቅልለውለታል። አባ መሮ እስከ ከተማው ዳር ከጎኑ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው መታገሥ አልቻለም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ። "ለእኔ፣ ለአባትህ።"

"ልነግርህ ጀምሬ ነበር አባዬ" አለ ልጁ። "ጅራቱን ጨርስልኝ አልከኝ።"

የተናገረው ሳይቆጣ ነው፤ የሆነውን ነገር እንደሚናገር ሰው። ትንሽ እንደሄዱ የወታደሮቹ አለቃ "ይበቃል አባ፣ ከዚህ ተመለስ" አለው። ቆሞ አያቸው። ልጁ መታጠፊያው ላይ ዞር ብሎ የተጠቀለለ እጁን አነሳለት፤ ከዚያ አልታዩም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የልጇን ልብስ አጥባ፣ ከዝናቡ የተነሳ ምድጃው ዙሪያ ዘርግታ፣ እሳት እየቆሰቆሰች ነበር። "ተፈታ?" አለችው፤ ከኋላው ማንም እንደሌለ እያየች።

አባ መሮ የሚጠርብበት ጉቶ ላይ ተቀመጠና ነገራት። ዛሬ የሆነውን ብቻ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዘበኛው በቅሎዋን ልይ ብሎ ሆን ብሎ እንደሄደላቸው፣ ልጁ ልንገርህ ሲለው ቆይ እንዳለው፣ ያን ሁሉ ጊዜ በላባ እንደጨረሰው፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር ነገራት። ስድብ ይጠብቅ ነበር። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን እሳቱን እያየች ሰማችው።

"ወንዙ ምን ያህል ይርቃል?" አለች ሲጨርስ።

"አሥራ አንድ ቀን ይላሉ።"

"እጁ ተቃጥሏል አልክ።"

"ሁለቱም።"

"ታዲያ ማን ያጎርሰዋል?"

መልስ አልጠበቀችም። ተነስታ ልብሱን ከምድጃው ዙሪያ ሰበሰበች፤ ገና እርጥብ ነበር፤ አጣጥፋ በጨርቅ ቋጠረችው። ቅባት የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ፈልጋ አገኘች። "በእግር ነው የሚሄዱት፣ ብረትም አለበት። አሁን ከተነሳን ነገ ማታ ማደሪያቸው ላይ እንደርስባቸዋለን።"

"አንቺ ሴት፣ ጦርነት ያለበት አገር እኮ ነው። ማንስ ያስጠጋናል?"

"ጫማህን አድርግ" አለችው።

ጠራቢው ተነሳ። በሩን ዘጉና ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው በዝናቡ መንገድ ጀመሩ።